የመልክእ ድርሰትና ጥንታዊ የአካል ስሞች

መልክእ የቅዱሳንን አካል ክፍል በክፍል እየጠራ የሚያመሰግን የግእዝ ግጥም ነው። እያንዳንዱ አርኬ (የግጥሙ አንጓ) በአብዛኛው አምስት ስንኝ አለው፤ ስንኞቹ በአንድ ቤት ይመታሉ፤ የአርኬው መነሻም ሰላምታ ነው። ደራሲው ከራስ ጠጉር ጀምሮ በቀራንብት (የዓይን ሽፋን)፣ በመላትሕ (ጉንጭ)፣ በክሣድ (አንገት)፣ በመታክፍት (ትከሻ) አድርጎ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ብዙ ጊዜም በዚያ አያበቃም፤ የነፍስን መውጣት፣ ግንዘትንና መቃብርን ሳይቀር ሰላም ይላል።

መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ በጸሎት ስለሚደገሙ፣ ከዕለት ንግግር የጠፉ ስሞች በምእመናን አፍ ቆይተዋል። ወደ አማርኛ የዘለቁትም ቢሆኑ ሁሉም እንደ ነበሩ አልቀሩም። ዛሬ ሰኮና ሲባል የፈረስና የከብት እግር ይታሰባል። በግእዝ ግን ሰኰና የሰውም ተረከዝ ነው፤ በዘፍጥረት 3፥15 እባቡ የሚቀጠቅጠው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው አብራክ ነው። አብራክ የ«ብርክ» ብዙ ቁጥር ሲሆን ጉልበቶች ማለት ነው፤ «ተንበረከከ»ም ከዚሁ ሥር ወጥቷል። ታዲያ አባት ልጁን «የአብራኬ ክፋይ» የሚለው ለምንድን ነው? በጥንታውያን ሴማውያን ዘንድ ጉልበት ከትውልድ ጋር የተቆራኘ አካል ስለነበረ ነው። በዘፍጥረት 50፥23 የዕብራይስጡ ንባብ የማኪር ልጆች «በዮሴፍ ጉልበቶች ላይ» ተወለዱ ይላል። በአካድኛም «ቢርኩ» ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ወገብንና የዘር መገኛን ጭምር ይጠራል። አማርኛ አካሉን «ጉልበት» ብሎ፣ የሥጋ ዝምድናውን ለአብራክ ትቶታል።

ሌላው የአካል ስም እመት ሲሆን፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው የክንድ ክፍል ነው፤ መለኪያም ሆኖ የኖኅ መርከብ 300 እመት ርዝመት እንደነበራት ተጽፏል።

የውስጥ አካላት ስሞች ጥቂት ናቸው። አማዑት አንጀት ነው። ኵልያት ኩላሊት ሲሆን፣ በመዝሙር 7 ከልብ ጋር አብሮ የሚመረመረው የስውር ሐሳብ ማደሪያ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። የቀረው በጅምላ «ንዋየ ውስጥ» ይባላል፤ የውስጥ ዕቃ ማለት ነው። አማርኛም በዚያው አስተሳሰብ «ሆድ ዕቃ» ይላል።

ማሪየስ ሼን በ1913 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የሰላምና የመልክእ ድርሰቶች ዘርዝሮ አሳትሟል፤ ስሞቹን ለመፍታት ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት አለ። ለሕክምና ትምህርት የአማርኛ ስያሜ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች አዲስ ቃል ከመፍጠራቸው በፊት መልክኡንም መዝገበ ቃላቱንም ሊያገላብጡ ይገባል።