የፍልሚያ ጥበብ ትምህርትና የአሠልጣኝ ዋስትና፤ ከጌታ ግቢ እስከ ከተማ ክለብ

መግቢያ

ደሴ ሰኞ ገበያ የሚወጣ ገዢ የሚገዛውን ነገር መፈተን ያውቃል። ጤፉን በመዳፉ ዘግኖ እብቁንና አፈሩን ይለያል፤ ማሩን በጣቱ ይቀምሳል፤ የበቅሎዋን ጥርስ ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል። ይህን ዕውቀት ከአባቱ የወረሰው ስለ ሆነ በቀላሉ አይታለልም። ይኸው ሰው ግን ልጁን ቴኳንዶ ወይም ካራቴ ለማስተማር በሚያስብበት ጊዜ አሠልጣኙን የሚፈትንበት መንገድ በእጁ የለም። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀትና በአሠልጣኙ ወገብ ላይ የታሰረውን ጥቁር ቀበቶ አይቶ፣ የወር ክፍያውን ጠይቆ፣ ልጁን አስረክቦ ይመለሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፍልሚያ ጥበብ ትምህርት በኢትዮጵያና በውጭ አገር በምን ዓይነት መንገድ ሲሰጥ እንደ ቆየ፣ በየዘመኑም ለአሠልጣኙ ብቃትና ጠባይ ዋስ የነበረው ማን እንደ ሆነ መርምሮ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅም መመዘኛ ማቅረብ ነው። ጉዳዩ ለደቡብ ወሎ ተጨማሪ ክብደት አለው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ሥፍራ ሆነው ነበር። ጦርነትን በዓይኑ ያየ ሕፃን መማታትንና መመከትን ይማር ወይስ አይማር የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ከተሞች ላለ ወላጅና መምህር በየቀኑ ሊያጋጥም የሚችል ጥያቄ ነው።

1. በጌታ ግቢ የሚሰጥ ሥልጠና

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት የፍልሚያ ትምህርት የሚገኘው በቤተ ሰብና በጌታ ግቢ ነበር። የመኳንንት ልጆች ፈረስ ግልቢያን፣ ጦር ውርወራንና ጋሻ አያያዝን፣ ዋናን፣ አደንን፣ ኋላም ዒላማ ተኩስን ይለማመዱ ነበር። የገበሬው ልጅ ደግሞ በትግል፣ በበትር ምከታና በገና ጨዋታ ጉልበቱንና ቅልጥፍናውን ያዳብር ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እንደ ትምህርት ሲመዘን የላቀው ጉግስ ነው። በጉግስ ጨዋታ ሁለት የፈረሰኛ ወገኖች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው ፈረሱን ሳያቆም ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ዘንጉ ስለት የሌለው በመሆኑ ወጣቱ የጦርነትን ስልት ከጦርነት ባነሰ አደጋ ይማራል። ጨዋታው የሚካሄደው በበዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ በመሆኑም ከሥርዓት የወጣ ተጫዋች በሁሉም ፊት ያፍራል። የወሎ ፈረሰኛ በዚህ ዓይነቱ ልምምድ ያደገ ነበር። ራስ ሚካኤልም በየካቲት ወር 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ይህንኑ ፈረሰኛ አሰልፈው ተዋግተዋል።

በዚህ ሥርዓት ለአሠልጣኙ ዋስ የሆነው አብሮ መኖር ነው። አስተማሪውና ተማሪው በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ የአስተማሪው ትውልድ፣ ጠባይና የጦር ሜዳ ታሪክ በአገሩ ይታወቃል። የሥርዓቱ ጉድለትም ግልጽ ነው። ዕድሉ በትውልድ የተወሰነ ነበር፤ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከዚህ ትምህርት ውጪ ነበሩ፤ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድ በጽሑፍ የሰፈረ የትምህርት ቅደም ተከተልም አልነበረም።

2. ከግቢ ወደ ትምህርት ቤት

የፍልሚያ ትምህርት ከጌታ ግቢ ወጥቶ በመንግሥት እጅ መግባት የጀመረው በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትን ሥራ አስጀመሩ። ለሆለታ የተመረጡት ወጣቶች በብዛት ከዳግማዊ ምኒልክና ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች የወጡ፣ ትምህርቱ የሚሰጥበትን የፈረንሳይ ቋንቋ የሚያውቁ ነበሩ። በዚህ ትምህርት ቤት ለጦር ትምህርት መግቢያ የሆነው ቀደም ብሎ የተገኘ የቀለም ትምህርት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ትምህርቱ ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ ደረሰ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው እንዳሉ ደሴ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበች፤ ሚያዝያ 7 ቀንም በጠላት እጅ ወደቀች። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ለመዝጋት ወደ ጣርማ በር ከተላኩት መካከል እነዚሁ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ይገኙበታል። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ተሻግረው፣ በነቀምቴ ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራውን የጥቁር አንበሳ ድርጅት መሠረቱ።

ለትምህርት ታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ቁም ነገር የሚሰጠው ድርጅቱ ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ከሌሎች ድንጋጌዎች ጋር ገበሬውንና የጦር ምርኮኛውን ማንገላታትን ይከለክል ነበር። አገራቸው የተወረረባቸው፣ ስንቅና ጥይት ያነሳቸው ወጣቶች በኃይላቸው ላይ ወሰን ማበጀታቸው ከቀሰሙት ትምህርት ተለይቶ ሊታይ አይገባውም።

ከነፃነት በኋላ የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ መኮንኖች መሪነት ሥራ ሲጀምር፣ የመግቢያ ፈተና፣ የሦስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርትና የምረቃ መመዘኛ ነበረው። በዚህ ደረጃ ዋሱ መንግሥት ሆነ። አሠልጣኙን የመረጠው፣ የሚያስተምረውን የወሰነውና ስሕተት ሲፈጽም የሚጠይቀው አካል በግልጽ ይታወቅ ነበር።

3. የጃፓን መምህራን ያደረጉት ለውጥ

ዛሬ በከተሞቻችን የሚሰጡት የፍልሚያ ስፖርቶች ምንጫቸው ሩቅ ምሥራቅ ነው። እነዚህን ጥበቦች ለሕፃናት እንዲስማሙ አድርገው ያደራጇቸው ሰዎች በሙያቸው መምህራን እንደ ነበሩ በሰፊው አይታወቅም።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ እ.አ.አ. በ1882 ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤቱን የከፈተው በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በ9 ተማሪዎች ነበር። ካኖ ከዚህ ጎን ለጎን በቶኪዮ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ርዕሰ መምህር ሆኖ ሠርቷል። ከጥንቱ የጁጁትሱ ፍልሚያ ለነፃ ግጥሚያ አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ለይቶ አወጣ፤ ተማሪው ሌላውን መጣል ከመማሩ በፊት ራሱ ሳይጎዳ መውደቅን እንዲማር አደረገ፤ ዕድገትንም በደረጃ ከፈለ። እ.አ.አ. በ1911 ጁዶ በጃፓን መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ተፈቀደ። በኦኪናዋ ደሴት አንኮ ኢቶሱ እ.አ.አ. ከ1901 ጀምሮ ካራቴን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ ለጀማሪዎች የሚስማሙ ቀለል ያሉ የእንቅስቃሴ ቅንብሮችንም አዘጋጀ። ካራቴን እ.አ.አ. በ1922 ወደ ቶኪዮ ያስገባው ጊቺን ፉናኮሺም የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ የጃፓን ታሪክ የሚያስጠነቅቅም ገጽ አለው። እ.አ.አ. ከ1983 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በዚያች አገር ትምህርት ቤቶች ከ100 በላይ ተማሪዎች በጁዶ ልምምድ ምክንያት ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል አወዳደቅን በሚገባ ያልተማሩ፣ በጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ጀማሪዎች በብዛት ይገኙበታል። ጥበቡ በተወለደበት አገር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይቀር ይህ ሊደርስ የቻለው የአሠልጣኙ ጥንቃቄ ሲጓደል ሥርዓተ ትምህርት ብቻውን ተማሪን ሊጠብቅ ስለማይችል ነው።

4. የከተማ ክለብ መምጣት

በኢትዮጵያ ከተሞች የእነዚህ ጥበቦች ፍቅር በአብዛኛው የገባው በፊልም አማካይነት ነው። የብሩስ ሊ ፊልሞች በሲኒማ ቤቶች፣ ኋላም በየሰፈሩ በተከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች ታይተዋል። ፊልሙ የወጣቱን ስሜት ቀሰቀሰ፤ ነገር ግን መምህር ማለት ምሥጢረኛ፣ የማይጠየቅና የማይመረመር ሰው ነው የሚል ግምትም አብሮ አሳደረ።

ከጥበቦቹ ሁሉ በአገራችን በሰፊው የተስፋፋው ቴኳንዶ ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም በኮሪያ የወጣው እ.አ.አ. በ1955 ሲሆን፣ እ.አ.አ. በ1966 ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ በ1973 ደግሞ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ድርጅት ተመሥርተዋል። ሁለቱ የየራሳቸው የውድድር ሕግ አላቸው። ቴኳንዶ እ.አ.አ. በ2000 ሙሉ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክም ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ግራም ክብደት ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል።

በከተማ ክለብ ሥርዓት ውስጥ ዋሱ ማን እንደ ሆነ ግን ግልጽ አይደለም። አሠልጣኙ እንደ ጌታ ግቢው አስተማሪ በትውልድና በኑሮ አይታወቅም፤ እንደ ሆለታው መኮንንም መንግሥት አልመረጠውም። የምስክር ወረቀቱን የሰጠው ድርጅት ሩቅ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ማኅበረ ሰቡና መንግሥት ይሸከሙት የነበረው የመመርመር ኃላፊነት በወላጁ ትከሻ ላይ ወድቋል።

5. የምርጫ መመዘኛዎች

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተሉትን መመዘኛዎች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ የአሠልጣኙ ምንጭ ይጠየቅ። ማን አስተማረው? የምስክር ወረቀቱ የየትኛው ድርጅት ነው? ድርጅቱስ ስሙን ያውቀዋልን? የሚታወቅ አሠልጣኝ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም።

ሁለተኛ፣ ወላጅ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ሙሉ ትምህርት ተቀምጦ ይመልከት። በሩ ለወላጅ የተዘጋ ማሠልጠኛ ለሕፃን ተገቢ ቦታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ይታይ። ሰውነት ማሟሟቅ፣ አወዳደቅና መመከት ከመምታት ይቀድማሉን? ልጆች በዕድሜና በክብደት ተለይተው ይገጥማሉን? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወዲያው ከልምምድ ወጥቶ ወደ ሐኪም ይላካልን?

አራተኛ፣ በክፍሉ ውስጥ ደካማ የሆነው ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ይስተዋል። አሠልጣኝ ጎበዙን በማሳየት ሊያስደንቅ ይችላል፤ የማስተማር ችሎታው የሚለካው ግን በሰነፉና በፈሪው ልጅ ነው። ሴቶች ልጆች በእኩልነትና በክብር መያዛቸውም በዚሁ አብሮ ይታያል።

አምስተኛ፣ የቀበቶ ፈተና የሚሰጠው በችሎታ ይሁን በክፍያ ይጣራ። በየጥቂት ሳምንቱ ገንዘብ እየተከፈለበት የሚለወጥ ቀበቶ የዕድገት ምልክት ሊሆን አይችልም።

እነዚህን መመዘኛዎች ሁሉም ወላጅ ብቻውን ይተገብራቸዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን በየአካባቢያቸው ያሉትን ክለቦች ጎብኝተው ወላጆችን ሊያማክሩ ይችላሉ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለክለብ አሠልጣኞች በሕፃናት ዕድገት፣ በማስተማር ዘዴና በመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ አጭር ሥልጠና ቢሰጡ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ሰፊ ይሆናል። የስፖርት ጽሕፈት ቤቶችም ይህን ሥልጠና ያጠናቀቁትን አሠልጣኞች ስም በግልጽ ቢለጥፉ ወላጁ የሚመረምርበት ነገር ያገኛል።

ማጠቃለያ

የፍልሚያ ትምህርት ከጌታ ግቢ ወደ ጦር ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተማ ክለብ ሲሸጋገር ጥበቡ ለብዙዎች ተዳርሷል። ከጥበቡ ጋር አብሮ መሸጋገር የነበረበት ዋስትና ግን በመንገድ ቀርቷል። ጦርነት ያየ ሕፃን መደባደብን ቀድሞ ዐይቷል፤ ያላየው ኃይል ያለው ሰው ኃይሉን ሲገታ ነው። በ1928 ዓ.ም. በጣርማ በር መንገድ የተሰለፉት ወጣቶች ኋላ በነቀምቴ ይህን በደንብ አስፍረውታል። ጥሩ አሠልጣኝ በየቀኑ በልጁ ፊት ይህንኑ በተግባር ያሳያል፤ እንዲህ ያለውን አሠልጣኝ ለይቶ ለወላጅ ማመልከት ደግሞ የትምህርት ባለሙያዎች ተግባር ነው።