የፀጉር መተኮሻ ሚዶ
ናስ፣ የእንጨት እጀታ
20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ሚዶው ከሰል ላይ ከጋለ በኋላ ቅባት በነካው ፀጉር ውስጥ ከሥር ወደ ጫፍ ይሳባል። ግለቱን የሚለካ ነገር ስለሌለው ተኳሿ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ታስነካዋለች፤ ካጠቆረው በረድ እስኪል ትጠብቃለች። እጀታው የተኳሿን እጅ ይከላከላል፤ የተተኳሿ ጆሮ፣ ግንባርና ማጅራት ግን ከለላ የላቸውም። 70 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ብረት ቆዳን በ1 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፤ ፀጉር የሚተኮሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዲግሪ በላይ ነው።

ኋላ የመጣው የኤሌክትሪክ ፔስትራ አደጋውን ቀንሷል፦ ቴርሞስታት ያለው ግለቱን ይገድባል፤ የጋሉት ጠፍጣፋ ገጾች ወደ ውስጥ ስለሚገጥሙ ከቆዳ ይርቃሉ፤ የውጩ ሽፋንም ሙቀት በቀላሉ ከማያስተላልፍ ፕላስቲክ ይሠራል።