ከሾንኬ ዑለማዎች ያልተማርነው

ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ፣ ደዋ ጨፋ ወረዳ ውስጥ፣ ተራራ ላይ የተቀመጠች ሾንኬ የምትባል የድንጋይ መንደር አለች። ጎብኚ የሚያደንቀው ጥንታዊ ቤቶቿን ነው። የሾንኬ ትልቁ ሀብት ግን እነ ሼህ ጀውሃር ኢብን ሐይደር ያስተማሩበት የዕውቀት ማዕከልነቷ ነው።

የወሎ ዑለማዎች አንድ ችግር ነበረባቸው። ኪታቡ ዐረብኛ ነው፤ ገበሬው ግን የሚናገረው አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ነው። ሕዝቡ ዐረብኛ እስኪማር አልጠበቁም። የሕዝቡን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ዐጀም የሚባለው ይህ ነው። ትምህርቱንም መንዙማ አድርገው በድቤ አዜሙት፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሰምቶ ያዘው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖትን በግድ ማስቀየር ሲመጣ የተቃወሙት ሼህ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈርም በአማርኛ ዐጀም ገጥመዋል።

መንግሥት ወደዚህ ሐሳብ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት 15 ቋንቋዎችን አዳረሰ፤ ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በኋላም የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የኦሮሞ፣ የአዊና የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደሮችን አወቀ። ዛሬ በዞኑ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ የክልሉ ሚዲያም በቋንቋው ያሰራጫል።

ታዲያ ምን ጎደለ? ዜና መተርጎም አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በራሱ ታሪክ ውስጥ ማየት ሌላ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ባቲ ይባላል፤ አገር ሁሉ ያዜምበታል። የሰኞው የባቲ ገበያ ግን፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ የሚገበያዩበት፣ የስንት ድራማ መቼት ሆኗል? የከሚሴ ስም በአዲስ አበባ ስክሪን ላይ ጎልቶ የሚሰማው መንገድ ሲዘጋ ወይም እንደ 2013ቱ የአጣዬ ዓይነት እሳት ሲነሳ ነው። ጎረቤቱን በግጭት ዜና ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሊፈራው እንጂ ሊወደው አይችልም።

«ተመልካቹ ጥቂት ነው፣ ስፖንሰር የለም» የሚል መልስ ይሰማል። የሾንኬ ደረሶችም ስፖንሰር አልነበራቸውም። የነበራቸው አድማጩን ማወቅ ነው፦ በየትኛው ቋንቋ እንደሚስቅ፣ በየትኛው እንደሚያለቅስ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን እንዴት እንደሚቀላቅል። ለከሚሴ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ከሚሴ ላይ ቁጭ ብሎ ይስማ።