ህዳር 27 የወጣው ጉተንበርግ

የዛሬው ወሬዬ የጦር ሜዳ ወሬ አይደለም። ግን ጎራ ያስለየ፣ ኃላፊነት ያስለቀቀ፣ አንዱን ቤት ለሁለት የከፈለ ጠብ ነው። የተጣሉትም ለርስት እንዳይመስላችሁ፤ ለመጻፊያ ሰሌዳ ነው።

ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው። ህዳር ጽዮን ካለፈ ስድስተኛው ቀን፣ ህዳር 27 ማለት ነው፤ በእኛ በኩል ሰው ቡና ለቀማ ላይ ነው። በዚያ ቀን ዎርድፕረስ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ 5.0 እትሙን ከአዲስ መጻፊያ ሰሌዳ ጋር ለቀቀ። ዎርድፕረስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ሙለንወግ የሚባል የ19 ዓመት አሜሪካዊና ማይክ ሊትል የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሠሪው ትቶት የነበረ ፕሮግራም አንስተው ያቆሙት ነው። በነጻ ስለሚሰጥ ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል። በ15 ዓመት ውስጥ ከዓለም ድረ ገጾች ሲሶ ያህሉ በእሱ የሚሠሩ ሆኑ። እንግዲህ ሰሌዳው ሲለወጥ ስንቱ ቤት እንደሚናወጥ አስቡት።

የድሮው ሰሌዳ አንድ ሰፊ ነጭ ገጽ ነበር። ከላይ ማድመቂያና ማስመሪያ ተደርድሯል፤ ዎርድ ላይ ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱ ግን ገጹን በላልቶ አመጣው። አንቀጹ አንድ ብሎክ፣ ርዕሱ አንድ ብሎክ፣ ፎቶው ሌላ ብሎክ።

ይህን ለእኛ አገር ለማሻ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ከግንድ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀለውን ቀፏችንን አስቡ። ንቧ የማር እንጀራውን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ትሠራለች፤ ማሩን የፈለገ ቆርጦ፣ ሰብሮ ነው የሚያወጣው። ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1852 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው የሳጥን ቀፎ ግን ባለ ፍሬም ነው። አንዱን ፍሬም መዝዘህ ታያለህ፣ ትመልሳለህ፣ ቦታ ትቀይራለህ፤ ሌላው አይነካም። ብሎክም እንዲያው ነው። ታዲያ የሳጥን ቀፎ ስለመጣ የጫካው ቀፎ ከዛፍ ወረደ? አልወረደም። የጌተም አበባ ነጭ ማር ዛሬም ከዚያው ይወርዳል።

ወደ ጠቡ ልመለስ። ሙለንወግ አዲሱን ሰሌዳ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ፓሪስ ላይ ነው። ስሙን ጉተንበርግ አሉት፣ በማተሚያው ጌታ ስም። (እግረ መንገዴን፦ ከጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ስልሳ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1513፣ የእኛም ፊደል በብረት ተቀርጾ ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት ታትሟል። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ነው፤ ግዕዙን ያስተማሩት ግን እዚያው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው።) አዲሱ ሰሌዳ እንዲሞከር ሲሰጥ ተጠቃሚው አንድ ኮከብ፣ አንድ ኮከብ እያለ ቁጣውን አዘነበበት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ደግሞ ዎርድፕረስን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ የሚያደርገው ቡድን መሪ ሪያን ሪትቬልድ ኃላፊነቷን ለቀቀች። ማየት የተሳነው ሰው ማያ ገጹን በሚያነብለት ፕሮግራም እንዳይቸገር ስትታገል የቆየች ሴት ናት። ሌሎችም ተነስተው የድሮውን ሰሌዳ እንደያዙ ክላሲክፕረስ የሚባል የራሳቸውን ቤት አቆሙ።

የሚወጣበት ቀን አንዴ ሁለቴ ተገፋ። በመጨረሻ ናሽቪል ከተማ ላይ የዎርድፕረስ ትልቁ ጉባኤ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ለቀቁት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥፋቱ ብሎኩ አይደለም፣ ቀኑ ነው። ፈረንጅ ለገና ሸመታ ሱቁን በሚያሟሙቅበት ሳምንት የሱቁን መደርደሪያ ማን ይነቅላል?

ደግነቱ መሸሻ ተዘጋጅቶ ነበር። ክላሲክ ኤዲተር የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) የጫነ የድሮውን ሰሌዳ መልሶ ያገኛል። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ድረ ገጽ ጫነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ብቻ ነው ሲባል፣ ጊዜው ሲደርስ ተራዘመ።

የእህቴ ልጅ እዚህ ማሻ የማርና የቡና ነገር ይጽፋል። አፕዴት የሚለውን ነካና ማግስቱን መጣብኝ። «አጎቴ፣ ጽሑፌን በላው!»

«ማን በላው?»

«ብሎክ!»

የበላው ነገር አልነበረም። የድሮ ጽሑፉ በሙሉ ክላሲክ በሚባል አንድ ብሎክ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል፤ ወደ ብሎኮች ቀይር የሚለውን ሲጫን በየአንቀጹ ተከፋፈለለት። አዲሱ ሰሌዳ ከድሮው ይከብዳል፤ በዝናብ ኔትወርኩ ሲሰንፍ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ስልኩ ላይ ጨርሶ ኋላ መለጠፍ ለመደ። ሲለጥፈው እያንዳንዱ አንቀጽ ራሱን ችሎ ብሎክ ይሆናል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ያመጣ ጊዜ ግን የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው የወጣለት፤ እሱ የፎንቱ ዕዳ ነው፣ ጉተንበርግን አታስወቅሱት።

አንድ ስጋት ነበረው፦ በአዲሱ ሰሌዳ ህዝባር ስትጽፍ የብሎኮች ዝርዝር ይመጣል። እኛ ደግሞ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት ሳንል አንድ ገጽ አንጨርስም! ዝርዝሩ ግን የሚመጣው ህዝባሯ ባዶ አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ወይዘሮዎቻችን ተርፈዋል።

ልቡን የማረከው ሁለት ነገር ነው። የማሩን ዋጋ ደጋግሞ በሚያገለግል ብሎክ አስቀመጠ፤ ገበያው ሲለወጥ አንዴ ካረመው በየገጹ ይታረማል። ሁለተኛው ለግጥም የተሠራው ብሎክ ነው። ግጥም የምታነቡ ታውቁታላችሁ፣ ስንኙ መሐል ለትንፋሽ የምትተው ክፍተት አለች። ድረ ገጽ ብዙ ክፍተት አይወድም፣ አስር ብትተው አንድ ያደርገዋል። ይህ ብሎክ ግን ገጣሚው እንደተወው ይተዋል። ክላሲክ ኤዲተርን አልጫነም፤ ይቺ ክፍተት ናት ያስቀረችው።

የጉተንበርግ ዕቅድ አራት ምዕራፍ ነው። አንደኛው ይኸው መጻፊያ ነው። ሁለተኛው የድረ ገጹን ራስጌና ግርጌ ሳይቀር በብሎክ መሥራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በ5.9 እትም ደረሰ። ሦስተኛው ብዙ ሰው አንድ ገጽ ላይ አብሮ እንዲጽፍ ነው። አራተኛው አንድን ድረ ገጽ በብዙ ቋንቋ ማዘጋጀት ነው። አማርኛ፣ ሸክኖኖ፣ መዠንግር በሚነገርበት በእኛ ዞን የሚጠበቀው ይኸኛው ነው፤ ተራ የያዘው ግን መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያው ልጁ አንዱን ወሬ ሁለቴ ይጽፋል፣ በአማርኛና በሸክኖኖ፣ በየገጹ።