የሚናማታ ዘጠኝ ዓመታት

በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት የምትገኘው ሚናማታ ኑሮዋ በባሕሯና በፋብሪካዋ ላይ የቆመ ከተማ ነበረች። ፋብሪካው የቺሶ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ለፕላስቲክና ለሌሎች ምርቶች ግብዓት የሚሆን አሴታልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ማምረት ጀመረ፤ ሂደቱን ለማፋጠን ሜርኩሪ ይጠቀም ነበር። ፍሳሹ የሚደፋው ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ከሚጥሉበት ወሽመጥ ነው።

በመጀመሪያ የታመሙት ድመቶች ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በባሕሩ ዳር መንደሮች ድመቶች ይንገዳገዱ፣ ባሉበት ይሽከረከሩ፣ ባሕር ውስጥ ገብተው ይሰጥሙ ጀመር። ድመቶቹ የሚበሉት ዓሣ ቤተሰቡ ከሚበላው ዓሣ የተለየ አልነበረም። በ1956 የጸደይ ወር ሁለት ትንንሽ እህትማማቾች መናገርና መራመድ ተስኗቸው ወደ ፋብሪካው ሆስፒታል መጡ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሃጂሜ ሆሶካዋ ሜይ 1 ቀን ምንነቱ ያልታወቀ የአንጎልና የነርቭ በሽታ መከሰቱን ለጤና ቢሮ አስታወቁ።

ብዙም ሳይቆይ ጣቶች ሁሉ ወደ ወሽመጡ ዓሣ ተቀሰሩ። የኩማሞቶ ግዛት አስተዳደር በምግብ ደኅንነት ሕጉ መሠረት ዓሣውን ማገድ ይችል እንደሆነ በ1957 ለጤና ሚኒስቴር ጥያቄ አቀረበ። መልሱ፣ በወሽመጡ ያለው ዓሣ ሁሉ መመረዙን የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ ስለሌለ ሕጉን መጠቀም አይቻልም የሚል ነበር። ዓሣ ሁሉ ተይዞ እስኪመረመር ጠብቁ ማለት ሕዝቡን ለመርዙ አሳልፎ ከመስጠት አይለይም። ቺሶ በበኩሉ በ1958 የፍሳሹን መውጫ ከወሽመጡ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ አዞረው፤ በዚያም አካባቢ አዳዲስ ሕሙማን ታዩ።

የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መልሱን ያገኙት በጁላይ 1959 ነው። የሕሙማኑ ምልክቶች በ1940 እንግሊዛውያን ሐኪሞች በዘር ማከሚያ ኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከመዘገቡት የኦርጋኒክ ሜርኩሪ መመረዝ ጋር ይመሳሰሉ ነበር። ሆሶካዋም በራሳቸው ቤተ ሙከራ የአሴታልዴሃይዱን ፍሳሽ ከምግብ ጋር እየቀላቀሉ ለአንድ ድመት ይሰጡ ነበር። የሙከራ ቁጥሩ 400 የሆነው ይህ ድመት በኦክቶበር ያው በሽታ ያዘው። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀ፤ ሙከራውም እንዳይቀጥል ከለከለ። ሆሶካዋ እውነቱን ለፍርድ ቤት የመሰከሩት በ1970፣ በካንሰር ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ነው፤ በዚያው ዓመት አረፉ።

በኖቬምበር 1959 የጤና ሚኒስቴር አማካሪ ጉባኤ የበሽታው መንስኤ ኦርጋኒክ ሜርኩሪ መሆኑን በይፋ አቀረበ። ጉዳዩን ያጠናው ቡድን በማግስቱ ተበተነ። በዲሴምበር ደግሞ ኩባንያው ለሕሙማኑ የማጽናኛ ገንዘብ ከፈለ፤ ውሉ ወደፊት ፋብሪካው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ተጨማሪ ካሳ እንዳይጠይቁ የሚያስር ነበር። የቆሻሻ ውኃ ማጣሪያም ተመረቀ፤ ሜርኩሪውን ግን አያስወግድም ነበር።

እናቶች የሚያውቁትን ሐኪሞች ለመቀበል ጊዜ ወሰደባቸው። የእንግዴ ልጅ ፅንሱን ከመርዝ ይከላከላል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ዓሣ ቀምሰው የማያውቁ ሕፃናት መታመም ለሌላ ምክንያት ይሰጥ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ማሳዙሚ ሃራዳ ሁለት ወንድማማቾች ያሏትን እናት ሲያነጋግሩ፣ ትንሹን አርግዛ ሳለ ዓሣውን የበላችው እሷ መሆኗን ነገረቻቸው። በ1962 መርዙ ፅንስን እንደሚጎዳ ተረጋገጠ።

የኋላው ማስረጃ ደግሞ ከየቤቱ ተገኘ። በእኛ አገር እትብት ይቀበራል፤ ጃፓናውያን ግን አድርቀው በትንሽ ሳጥን ያስቀምጡታል። ሃራዳና ባልደረቦቻቸው እነዚህን እትብቶች ሰብስበው አስመረመሩ። ውጤቱ በ1975 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፤ ልጆቹ በተወለዱባቸው ዓመታት የነበረው የሜቲል ሜርኩሪ፣ ማለትም የዚያው ኦርጋኒክ ሜርኩሪ፣ መጠን በእትብታቸው ውስጥ ተመዝግቦ ቆይቶ ነበር።

በ1965 በኒጋታ ግዛት፣ በአጋኖ ወንዝ ዳር፣ ተመሳሳይ ፋብሪካ ያደረሰው ሁለተኛ ወረርሽኝ ተገለጠ። የመጀመሪያው በጊዜው ቢቆም ኖሮ ሁለተኛው ባልደረሰ። ቺሶ በሜርኩሪ አሴታልዴሃይድ ማምረት ያቆመው በሜይ 1968 ነው፤ ያን ጊዜ የአመራረት ዘዴው ራሱ አርጅቶ ነበር። መንግሥት የበሽታው ምንጭ የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን ያመነው ከአራት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን ነው። ተመራማሪዎቹ ከተናገሩ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሰው ዓሣውን ይበላ ነበር፤ ልጆችም ይወለዱ ነበር።

የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 መንግሥትና የኩማሞቶ ግዛት ከ1959 መጨረሻ በኋላ ፍሳሹን ባለማስቆማቸው ተጠያቂ ናቸው ሲል ወሰነ። ሜርኩሪን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በሚናማታ ስም ተጠርቶ በኦክቶበር 2013 በኩማሞቶ ለፊርማ ቀረበ፤ በኦገስት 2017 ሥራ ላይ ዋለ። የማዕድን ሜርኩሪ ቁፋሮን፣ በሜርኩሪ የሚሠሩ ዕቃዎችንና በባህላዊ ወርቅ ማውጣት የሚለቀቀውን መርዝ ይመለከታል።

የሕሙማኑ ክርክር ግን አልተዘጋም። በሴፕቴምበር 2023 የኦሳካ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀድሞ ዕውቅና ላላገኙ 128 ከሳሾች ካሳ እንዲከፈል ፈረደ። በሜይ 1 ቀን 2024 በሚናማታ በተካሄደው የመታሰቢያ ቀን ስብሰባ ላይ የአካባቢ ሚኒስቴር ሠራተኞች የተጎጂዎችን ተናጋሪዎች ሦስት ደቂቃ አልፏል ብለው ማይክሮፎናቸውን አጠፉባቸው፤ ሚኒስትሩ ከሳምንት በኋላ ወደ ከተማዋ ተመልሰው ይቅርታ ጠየቁ።