ቅጥያ ቤት ሲፈርስ፤ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ስለ ውጭ ግድግዳ አጠጋገን

የደጋ ሰው ቤት በአንድ ወራት ተጀምሮ በዚያው ወራት የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ጐጆ ሲወጣ አንድ ቤት ይቆማል፤ ልጅ ሲወለድ፥ ከብት ሲረባ፥ እህል ሲበረክት ከዋናው ቤት ጐን ማድ ቤት፥ ጋጣ ወይም ጓዳ ይቀጠላል። ዘመን ሲለወጥም የተቀጠለው ተመልሶ ይነሣል። ርስት ሲካፈሉ፥ የማድ ቤቱ ጢስ ሲያስቸግር፥ እንጨቱ ሲበሰብስ፥ ወይም መንገድ ሲሰፋ ቅጥያው ይፈርሳል፤ ዋናው ቤትም በአንድ ጐኑ ተገልጦ ይቀራል። ከዓባይ ሸለቆ በስተምሥራቅ፥ ከበሽሎ በስተደቡብ ባለው በቦረናና በሳይንት ደጋ የክረምቱ ዝናም ብርቱ ስለ ሆነ፥ የተገለጠ ግድግዳ ሳይጠገን ክረምት ከገባበት ለባለቤቱ አደጋ ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ያው የተገለጠ ግድግዳ ዳግም እስኪለበስ ድረስ ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጉዳዮች አያይዞ ለመመርመር ይሞክራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የግድግዳውን ጠባይ መረዳት ያሻል። በደጋው አገር ግድግዳ በሁለት ዐይነት ይሠራል። አንደኛው የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ቋሚ እንጨት ይተከላል፥ ማገር በአግድም ይታሰርበታል፥ በላዩም ከጭድ ጋራ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ሁለተኛው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የሚገነባው ነው። በሁለቱም ዘንድ የግድግዳው አካል አንድ ነገር፥ ልባሱ ሌላ ነገር ነው። አካሉ ጣራውን ይሸከማል፤ ልባሱ ዝናሙንና ነፋሱን ይከላከላል። አካሉ ለልጅ ልጅ እንዲቆይ ይታሰባል፤ ልባሱ ግን ከመጀመሪያውም እንዲያልቅና እንዲታደስ የተሠራ ነው። ቤቱን በየጊዜው የምትለቀልቀው የቤት እመቤት ይህን ሕግ ሳትጽፈው ታውቀዋለች።

ቅጥያ ሲጨመር ይህ ሥርዐት ይለወጣል። የውጭ የነበረው ግድግዳ የውስጥ ይሆናል፤ ዝናም ስለማያገኘው ልባሱ ይሳሳል፥ ጢስ ይጠጣል፥ ለመተላለፊያ በር ይበሳበታል። የቅጥያውን ጣራ ለማገናኘት ሲባልም የዋናው ቤት ክፈፍ ይቈረጣል፤ የቅጥያው ወራጆች የሚያርፉበት ቀዳዳ በግድግዳው ላይ ይቀራል። እንግዲህ ቅጥያው በፈረሰ ጊዜ ለዝናም የሚጋለጠው ለዝናም ያልተዘጋጀ ግድግዳ ነው። ብዙዎች ይህን ባለማስተዋል ቀዳዳውን ደፍነው ፊቱን ብቻ ይለስናሉ፤ ጥገናውም ሁለት ክረምት ሳይሻገር ይላጣል።

አዋቂ ሠራተኛ ግን ከላይ ይጀምራል። አስቀድሞ የተቈረጠው ክፈፍ ተመልሶ እንዲረዝም ያደርጋል፤ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን እየላሰ ከወረደ ከታች የሚደረገው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነውና። ቀጥሎ ወደ ግርጌው ይወርዳል፤ ከፈረሰው ክፍል የቀረውን አፈር ጠርጎ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ ቦይ ያወጣል፥ ምስጥ የበላውን ማገርና ቋሚ ይለውጣል፥ የበሩን ክፍት ቦታም ከቀድሞው ግድግዳ ጋራ በሚያያዝ ማገር ወይም በተጠላለፈ ድንጋይ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ነው ልባሱ የሚመጣው። የላላውና ጥላሸት የያዘው አሮጌ ልባስ ይፋቃል፤ አዲስ ጭቃ በጥላሸትና በአቧራ ላይ አይዝምና። ግድግዳው በውሃ ይርሳል፤ ጭዱ ለስልሶ ጭቃው እስኪያያዝ ድረስ ለቀናት የታሸ ጭቃ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ሁለተኛውና ቀጭኑ ልስን ስንጥቁን ይሞላል፤ በመጨረሻ እበትና ማለፊያ አፈር ተዋሕዶ ይለቀለቃል። ሥራው በበጋ ሊሆን ይገባል፤ በውስጡ እርጥበት ይዞ ክረምት የሚቀበል ግድግዳ አይጸናም።

ይህ የገበሬ ቤት ሥርዐት ከታላላቆቹ ሕንፃዎቻችን ታሪክ የራቀ አይደለም። በ1632 የነገሠው ዐፄ ፋሲል በጐንደር ያሠራው ግንብና ተከታዮቹ ነገሥታት የጨመሩበት ሕንፃ ሁሉ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1936 እስከ 1941፥ ግንቦቹ ለባዕድ አገልግሎት ሲውሉ ጥገናው በሲሚንቶ ተደረገ። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንካሬው ራሱ ጉዳት ሆነ። ኖራ ግድግዳው የጠጣውን ውሃ በፀሐይ ጊዜ መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፥ የታፈነውም እርጥበት በአጠገቡ ያለውን ለስላሳ ድንጋይና ማያያዣ ይበላል። ስለዚህ በኋላ ዘመን በተደረገው ጥገና እንደ ገና ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆነ። ቅርሱም በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

የላሊበላም ምሳሌ ከዚህ ጋራ ይስማማል። በ1954 በተደረገው ጥገና ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ፊታቸው ዝናም እንዳይገባቸው በቅጥራን መሰል ነገር ተቀብቶ በላዩ ቀይ ቀለም ለበሰ። ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው መሐንዲስ በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የተደረገው ሥራ አንዱ ድካም ይህን ልባስ መልሶ ማንሣት ነበረ። ለጥበቃ ተብሎ የተቀባው ራሱ እንደ ቅጥያ ተቈጥሮ ተነሣ ማለት ነው።

በደብረ ዳሞ የሆነው ደግሞ ለተመራማሪው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፥ ድንጋይና እንጨት በየተራ የተነባበሩበት፥ የእንጨቱም ጫፍ እንደ ዝንጀሮ ራስ ወጣ ወጣ ብሎ የሚታይበት ነው። በ1948 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ማቲውስ ሕንፃውን ሲያድስ የአሠራሩን ዝርዝር መዘገበ፤ ጥናቱም ከአንቶንዮ ሞርዲኒ ጋራ በ1959 ታተመ። በጥገና ጊዜ የተገለጠው አካል ባይመዘገብ ኖሮ፥ ግድግዳው ተመልሶ ሲዘጋ ዕውቀቱም አብሮ በተዘጋ ነበር።

ልባስ ሲጠፋ ምን እንደሚጠፋ ለማየት ደግሞ ከዚሁ ከጥንቱ የአማራ አገር መካነ ሥላሴን ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ናዖድ ጀምሮት ልጁ ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸመው ይህ ቤተ ክርስቲያን በወርቅ የተለበጠ እንደ ነበረ የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ይተርካል። በ1531 ተመዝብሮ ተቃጠለ። የሕንፃው ክብር በልባሱ ላይ ስለ ነበረ እሳቱና ምርኮው በአንድ ጊዜ ወሰዱት፤ የቀረው በጽሑፍ የተመዘገበው ብቻ ነው።

ወደ መካነ ሰላም እንመለስ። የቆርቆሮ ክዳንና ባለ አራት ማዕዘን ቤት በከተሞቻችን ከተስፋፋ ወዲህ ቅጥያ መጨመርም ማንሣትም ቀሏል፤ ክቡን የሣር ቤት ለመቀጠል ያስቸግር የነበረው የጣራ መጋጠሚያ በቆርቆሮ ይፈታልና። ከዚያ ጋራ በጭቃ ግድግዳ ላይ የሽቦ መረብ ወጥሮ ወይም ጠጠር ሰክቶ በሲሚንቶ መለሰን ተለምዷል። በእይታ የሚያምር፥ ለባለቤቱም ከየዓመቱ ልቅለቃ የሚያሳርፍ ነው፤ ይህን ዕረፍት መመኘት አያስነቅፍም። ዳሩ ግን ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ያብጣል፥ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከልባሱ በስተኋላ እንጨቱን ያበሰብሳል፥ ምስጥም ይጋብዛል። የጭቃ ልባስ ሕመሙን በፊቱ ያሳያል፤ የሲሚንቶ ልባስ ግን ግድግዳው እስኪዘም ድረስ ሕመሙን ይሰውራል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ይገኛል። ለቤት ባለቤት፥ ልባስ ከአካሉ የጠነከረ አይሁን፤ ጭቃን ጭቃ፥ ኖራን ኖራ ይጠግነው፤ ክፈፍና ግርጌም ከልስን ይቅደሙ። ለተማሪና ለተመራማሪ፥ ቅጥያ በሚፈርስበት ቀን መገኘት ትልቅ ዕድል ነው። በዚያን ጊዜ የማገሩ አስተሳሰር፥ የእንጨቱ ዐይነት፥ የልባሱ ድርብርብ ብዛት፥ የተዘጋው በርና የተቈረጠው ክፈፍ ሁሉ ይታያሉ፤ የቤተ ሰቡም መብዛትና መቀነስ፥ መካፈልና መታረቅ ከነዚሁ ይነበባል። ይለካ፥ ይሣል፥ የየነገሩ ስም ከባለቤቶቹና ከሠራተኞቹ ተጠይቆ ይጻፍ። ጭቃው ቀድሞ ከተቦካ ግድግዳው ይድናል፤ ታሪኩ ግን ከልባሱ በስተኋላ ይቀራል።