አንድ መጽሐፍ ለስልሳ ልጅ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ጨዋታ ላውጋችሁ።

ከሐድያ ምድር የወጣች አንዲት የገራድ፣ ማለትም የአገሩ ገዥ፣ ልጅ ነበረች። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ቤተ መንግሥት ገባች፤ እሌኒ ተባለች። ንጉሥ ሲያልፍ ንጉሥ ሲተካ እሷ ምክሯ እየተሰማ ኖረች። በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ የመንግሥቱን ጉዳይ የያዘች፣ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛም ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እሷ ናት። ይህን ታሪክ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሳይወራላት የቀረው ደራሲነቷ ነው። የዚያን ዘመን የፖርቱጋል ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ እሌኒ ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት ደርሳለች።

ይህን በዚያው በሐድያ፣ ሆሳዕና ከተማ ላይ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ንገሯቸውና ፊታቸውን እዩ። «የኛ አገር ልጅ? በግእዝ? መጽሐፍ?» ይላሉ። አንጋፋ መጽሐፍ ሲባል ሁልጊዜ ከሌላ አገር በእንግድነት የሚመጣ ስለሚመስላቸው ነው። እንግዳ ደግሞ ይከበራል እንጂ ማን ይከራከረዋል?

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። ሆሳዕና ውስጥ አንድ የአማርኛ መምህር አሉ እንበል። ስም አላወጣላቸውም። እሳቸውን የመሰለ መምህር በዱራሜም፣ በሾኔም፣ በአንጋጫም ስለማይጠፋ እናንተ የምታውቁትን አስቀምጡበት። እኔም ከዚህም ከዚያም የለቃቀምሁትን ነው በአንድ ሰው ላይ ያለበስሁት፤ ተራኪ ይህ መብቱ ነው።

ቲቸር፣ ልጆቹ እንዲህ ነው የሚጠሯቸው፣ አንድ «ፍቅር እስከ መቃብር» አላቸው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ስልሳ ልጅ ሦስትና አራት ሆኖ በየዴስኩ ተጣቧል። እንግዲህ አንዱን መጽሐፍ ለስልሳ አካፍሉ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ?

የተለመደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ምንባብ አለ፤ ከምንባቡ ሥር «እውነት ወይም ሐሰት» አለ፤ ከዚያ ባዶ ቦታ መሙላት ይከተላል። አንጋፋው ድርሰት ልጆቻችን ዘንድ የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ማን ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ። መቼ ታተመ? በ1958 ዓ.ም.። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የማን ነው? በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ። ልጁ ሦስቱንም መልሶ ሦስት ማርክ ይወስዳል። የልብ ወለዱን ባለታሪክ በዛብህን ግን መንገድ ላይ ቢያገኘው ሰላም ሳይለው ያልፋል።

ቲቸር የመረጡት ዘዴ የቆየ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ጎረቤቱን ሰብስቦ ሰማ፤ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ለበዛብህ ፍቅረኛ ለሰብለ ወንጌል አዘነ። ዛሬም ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የአማርኛ ልብ ወለድን ለሕዝብ በማስተማር ወጋየሁን የሚያህል መምህር አልተነሣም፤ ባለ ዲግሪዎቹ ይቀየሙኝ። እሱ ያን ጊዜ ሳያውቀው ያሳየን ነገር ቢኖር፣ ጥሩ አንባቢ ካለ አንድ ቅጂ ለአገር እንደሚበቃ ነው።

ስለዚህ ቲቸር ሃያ ደቂቃ ያነባሉ፤ ሃያ ደቂቃ ያከራክራሉ። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቲቸር መልስ አይሰጡም። ሁለተኛው፣ የተናገረ ሁሉ ማስረጃውን ከመጽሐፉ ይጠራል። «ከየት አመጣኸው?» ይላሉ፤ መጽሐፉ ከእጅ እጅ ይሄድና ልጁ መስመሩን ፈልጎ ለክፍሉ ያነብበዋል። የማያነብ የመሰለው ልጅ ሁሉ ለክርክር ሲል ሲያነብ ታገኙታላችሁ። እልህ የማያስነብበው የለም።

የመጀመሪያው ሙግት በስለቱ ላይ ሆነ። ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ጎጃም ውስጥ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ልጇ ከሞት እንዲተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ትሳላለች፤ ልጁም አድጎ በማያስታውሰው ቃል ታስሮ ይኖራል። ቲቸር መጽሐፉን ዘጉና «እናት የተሳለችውን ስለት ልጅ የመክፈል ግዴታ አለበት?» አሉ።

ሆሳዕና እንግዲህ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ ምእመን የበዛባት ከተማ ናት፤ የጎጃሙ ስለት ለብዙዎቹ ልጆች የቤታቸው ልማድ አይደለም። ዝም የሚሉ መስሏችሁ ነበር? በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ «ቲቸር፣ ሐናስ ሳሙኤልን ተስላ ሰጥታው የለም እንዴ? ሳሙኤልም ነቢይ ሆነ» አለች። የሰንበት ትምህርቷ አላሳፈራትም። ክፍሉ «እውነቷን ነው» ሊል ሲሰናዳ ከኋላ ዴስክ አንድ ቀጭን ድምፅ «ሳሙኤልን ማን ጠየቀው?» አለ።

በዚህ ጊዜ ክፍሉ ተናጋ። ሐድይኛው ከአማርኛው ተቀላቀለ፤ ከወራቤ የመጣው ልጅ በስልጥኛ አጉረመረመ። ቲቸር አልከለከሉም። ሰው ሲናደድ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚናደደው፤ ነገሩ ሲበርድ ወደ አማርኛው ይመለሱ የለ? ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። የሆሳዕናን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ወጋየሁ ራሱ ቢነሣ አይሰማም። ቲቸር ጠመኔ አነሡና ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉት። ልጆቹም ጆሮ ለጆሮ እየተጯጯኹ በየዴስካቸው ተሟገቱ። የዕለቱን ትምህርት ያሟሟቀው ዝናቡ ነው ብል አላጋነንሁም።

ከሁሉ የበለጠው ግን የመጣው በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ ነው። ፊታውራሪው ጠበኛ፣ ዘራቸውን ቆጣሪ፣ ገበሬው አንገብርም ብሎ ሲነሣባቸው ራሳቸው ታጥቀው የሚዘምቱ፣ በኋላም በገበሬው እጅ የሚወድቁ ጌታ ናቸው። ቲቸር ይህን ክፍል አነበቡና ጥያቄ ሳይጠይቁ የቤት ሥራ ሰጡ። «ቤታችሁ ሽማግሌ ካለ ይህን ታሪክ ንገሩትና የሚላችሁን ስሙ» አሉ።

አንድ ልጅ ቅዳሜ ወደ አያቱ ወረደ። አያትየው ማንበብ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሐድይኛም ከምባትኛም ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች መካከል ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ አገሩ ከምባታና ሐድያ አውራጃ ተብሎ በሸዋ ሥር ሳለ፣ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነበሩ። ልጁ የመሸሻን ታሪክ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ነገራቸው። ቡላው ቀረበ፤ አዛውንቱ እየበሉ አዳመጡ። ሲጨርስ ሳቁ።

ሰኞ ልጁ ክፍል ውስጥ ቆሞ የአያቱን ፍርድ አሰማ። «አያቴ ይኼ ፊታውራሪ ምን ክፋት አለው አለ። የእኛን ባለመሬት ፊቱን አይተን አናውቅም ነበር አለ። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ አዝመራ ሲደርስ ወኪሉ ይመጣና እህሉን አይቶ ድርሻውን ያስጭናል። መሸሻ ቢያንስ ራሱ መጥቶ ይጣላል፤ የሚጣሉት ሰው መኖሩም አንድ ነገር ነው አለ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በዚህ መጽሐፍ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የዘመኑን ሥርዓት እንዴት እንደሚተች፣ ባለታሪኩ ጉዱ ካሳ የማን አፍ እንደሆነ፣ ሌላም ሌላም። የኚህን አዛውንት ንባብ ግን የትም አላየሁትም። ጎጃሜው ገበሬ ጌታውን በስሙ፣ በፊቱ፣ በቁጣው ያውቀዋል። በደቡብ ግን ስንቱ ጭሰኛ የገበረው ለማያውቀው ሰው ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅም ብዙው የተሰናበተው አንድም ቀን ያላየውን ጌታ ነበር። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ልዩነት ከመጽሐፉና ከአያቱ አጋጥሞ አወጣው። ይህን የትኛው የፈተና ማስታወሻ ይሰጠዋል?

ከሆሳዕና ወደ ከምባታዋ ዱራሜ ብትወርዱ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ከምባታ ለውይይት እንግዳ አይደለችም። የዚያው አገር ልጅ ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር ያቋቋመችው ኬ.ኤም.ጂ ኢትዮጵያ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለው ሰውን ዛፍ ሥር ሰብስቦ በማወያየት ነው። አዋቂ ተናግሮ ሕዝብ አጨብጭቦ የሚበተንበት ስብሰባ አልነበረም። ሽማግሌው፣ እናትየው፣ ጎረምሳው እየተመላለሱ ወራት ያስቆጠሩበት፣ ሐሳብ የለወጡበት ሙግት ነበር። በ2005 ዓ.ም. ከቤልጂግ የንጉሥ ቦዱዊንን ሽልማት አስገኝቶላታል፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፈች። ይህች ሴት ልጅ ሳለች ፊደል የቆጠረችው፣ ውኃ ልቀዳ ብላ እየወጣች ከአባቷ ተደብቃ ነው።

አሁን ይህን ይዛችሁ ወደ ሰብለ ወንጌል ተመለሱ። አባቷ ለክብሯ የሚመጥን ባል ጠፋ ብለው እቤት ያስቀመጧት ልጅ ናት፤ በዛብህ የገባው ንባብ ሊያስተምራት ነው። «ሰብለ ማንበብ ባትማር ኖሮ በዛብህን ትወደው ነበር?» ብላችሁ ዱራሜ ላይ ስምንተኛ ክፍል ግቡና ጠይቁ። ሴቶቹ አንድ ወገን፣ ወንዶቹ አንድ ወገን ሆነው ደወል ተደውሎም አይላቀቁም።

«መጽሐፉ ይረዝማል፣ ይከብዳል» የሚል አለ። ይረዝማል፤ ይከብዳልም። ቲቸር የቤተ ክህነቱን ትምህርት የሚያትቱትን ገጾች ዘለሏቸው፤ ሐዲስ ይቅር ይበሏቸው። ርዕሱን ሰምቶ «ልጆቼን ፍቅር ነው እንዴ የምታስተምሩት?» የሚል ወላጅም አይጠፋም፤ እሱን አንድ ቀን ክፍል አስገብቶ ማስቀመጥ ነው። ስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ ለሚለኝ ግን መልሴ አጭር ነው፦ መስመር እየጠቀሰ የተሟገተ ልጅ ምንባብ አያቅተውም። ሲጨርሱ ደግሞ ከበደ ሚካኤል የተረጎሙትን «ሮሜዎና ዡልዬት» ቢያነቡላቸው፣ በቬሮናና በጎጃም ወላጅ በልጅ ፍቅር ላይ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ራሳቸው ይደርሱበታል።

ይህ ሁሉ ግን መጽሐፍ ሲገኝ ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። እኚህ ሰው በኋላ ከአሜሪካ ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሀዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት አዞሩ። ሀዋሳ ከእኛ ሩቅ አይደለችም።

እንግዲህ ቡናው ደረሰ፤ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ላላችሁ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች። ለያሆዴ በዓልና ለመስቀል ለቤተሰብ ብር ስትልኩ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ጨምሩበትና ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ይድረስ። በላካችሁት ብር የተገዛውን መጽሐፍ ግን ዳይሬክተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይቆልፉበት በስልክ ጠይቁ። ለአማርኛ መምህሩም ደውሉና ስንተኛው ምዕራፍ እንደደረሱ ይንገሯችሁ።